የረጅም ሕመም ሸክም የማን ነው?

በሰፈራችን ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ብርጭቆው ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ወንዶቹ ካርታ እየተጫወቱም ቢሆን ከኀዘንተኛው ጋር ያመሻሉ። ማን ምን መሥራት እንዳለበት የሚጠይቅ የለም፤ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ አይተን አውቀነዋልና።

እንግዲህ በዚህች ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው። ሰውዬው ባይሞትስ? ባይሞት፣ ነገር ግን ቶሎ ባይድንም? ግማሽ አካሉ ቢሰንፍ፣ ምላሱ ቢተሳሰር፣ ከአልጋ ወርዶ በእግሩ ለመቆም ወራት፣ ብቻውን ለመሄድ ዓመት ቢፈጅበት፣ ያን ጊዜ ጡሩምባውን የሚነፋ ማን ነው? ሸክሙስ የማን ነው? የሚስቲቱ ብቻ ነውን?

ይህን ጥያቄ ያመጣብን በቅርብ የምናውቀው አንድ ቤት ነው። የቤቱ አባወራ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ እኛም ጋሼ እያልን ነው ያደግነው። ባለቤታቸውን እትዬ እንላቸዋለን። ሦስት ልጆች አሏቸው። የእነርሱንም የሰፈሩንም ስም አንጽፍም፤ ማንኛውም ቤት የራሱ ገመና አለውና። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ ማለዳ ጋሼ ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። አፋቸው ወደ ግራ ተጣመመ፤ ሲናገሩም ቃሉ ተወላገደ። ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አመጣ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ቀትር አልፎ ነበር።

ስለ በሽታው ጥቂት እንበል፤ የሸክሙን ርዝመት የሚወስነው የበሽታው ጠባይ ነውና። ከመካከላችን አንዷ የነርስነት ትምህርት ተማሪ ስለሆነች ይህን ያስረዳችን እርሷ ናት። ስትሮክ የሚባለው ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር በረጋ ደም ሲደፈን ወይም ፈንድቶ ሲደማ የሚደርስ አደጋ ነው። ደም ያጣው የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። የአንጎል ግራ ክፍል ሲጎዳ የሚሰንፈው የቀኙ አካል ነው፤ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ቋንቋን የሚመራውም ይኸው የግራው ክፍል ስለሆነ ንግግር አብሮ ይታወካል። ዋነኛው መንሥኤ የደም ግፊት ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ሕመም ስለማይሰማው ሰው ሳያውቀው ለዓመታት ይዞት ይዞራል። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ከዚያም በፊት ራስ በሲቲ ስካን ታይቶ መድማት አለመሆኑ መረጋገጥ ይኖርበታል። ስለዚህ አንባቢ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን ይያዝልን፤ የሰው አፍ ድንገት ሲጣመም፣ አንድ እጁ ሲዝል፣ ንግግሩ ሲወላገድ፣ ዳማከሴው ይቆይና መኪና ይፈለግ።

ከአደጋው በኋላ ማገገሙ በመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ፈጠን ይላል፤ ከዚያ ይዘገያል፤ ሆኖም አይቆምም፤ በልምምድ ለዓመታት እየተሻሻለ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ለማኅበራዊ ኑሯችን ፈተና የሚሆነውም ይኸው ዘገምተኛነቱ ነው። የጠያቂው ብዛትና የታማሚው ፍላጎት ተቃራኒ መንገድ ይሄዳሉና። በነጋሼ ቤት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰው መቀመጫ አጥቶ በረንዳ ላይ ይቆም ነበር። ብርቱካኑ፣ ሙዙ፣ የአምቦ ውሃው፣ ዳቦው ተከመረ። ጋሼ ግን በነዚያ ቀናት መዋጥ አይችሉም ነበር፤ የሚመገቡት በአፍንጫቸው በገባ ቱቦ ነበር። ብርቱካኑ በላስቲክ እንዳለ ሻገተ። በ4ኛው ወር፣ መዋጡም ሲመለስ፣ እግራቸውም ለመቆም ሲሞክር፣ በግራና በቀኝ ደግፎ ከአልጋ እስከ በር የሚያራምዳቸው ሁለት ሰው በተፈለገ ጊዜ፣ በሩን የሚያንኳኳ ጠፋ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ምሳሌው እውነት ነው፤ አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል እንላለን። ሃምሳው ሰው በአንድ ቀን መጥቶ፣ እያንዳንዱ አንድ ሎሚ አንሥቶ አይቶ፣ አዬ ጉድ ብሎ፣ መልሶ ከቅርጫቱ ቢያስቀምጠው ሸክሙ ለማን ቀለለ?

የገንዘቡን ነገር እንመልከት። ሌላው የሕግ ተማሪ የሆነው ወንድማችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አምጥቶ አነበበልን። የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ 2 ወሮች ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወሮች ያለ ክፍያ ነው። እስቲ ደመወዙ 12,000 ብር ነው እንበል። በመጀመሪያው ወር 12,000፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው 6,000፣ 6,000፣ ከዚያ በኋላ ባዶ። ቤቱ በግማሽ ዓመት ማግኘት ይገባው ከነበረው 72,000 ብር የሚገባለት 24,000 ነው ማለት ነው። ሲሶው ብቻ! የሹፌር አበል ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ቀርቷል። የጤና ጉድለት ጡረታ የሚባል አለ፤ እርሱም አገልግሎቱና የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃው ተሟልቶ እስኪፈጸም ድረስ ቤቱ ከምን ይኑር?

ገቢው ሲጎድል ወጪው በአዲስ በር ይገባል። ሚኒባስ ላይ መውጣት የማይችል ሰው ፊዚዮቴራፒ ሄዶ ለመመለስ ኮንትራት ታክሲ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜ ታክሲው ከሕክምናው ይበልጥ ያስከፍላል። ዳይፐር አለ፤ በየቀኑ የሚታጠብ አንሶላ አለ፤ ዕድሜ ልክ የማይቋረጥ የግፊት ኪኒን አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ለብዙ ቤተሰብ የሕክምናውን ወጪ አቅልሏል፤ ይሁን እንጂ ታክሲውንና ዳይፐሩን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስታማሚዋ ሳትሠራ የቀረችውን ቀን አይከፍልም። እትዬ እንጀራ ጋግረው ለሁለት ምግብ ቤቶች ያስረክቡ ነበር። ምጣዱ ከተጣደ ታማሚው ብቻውን ነው፤ ታማሚው ከተጠበቀ ምጣዱ ባዶ ነው። የእቁባቸውን ዕጣ ለምነው አስቀድመው ወሰዱ፤ ቀጥሎ የአንገት ሐብላቸው ሄደ፤ ቀጥሎ ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረች።

ከዚህ ላይ ቆም ማለት እንወዳለን። ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ትምህርቷን ታቋርጥ ብሎ የወሰነ ማንም አልነበረም። አንድ ቀን እናቷ መድኃኒት ፍለጋ ሲሄዱ ቀረች፤ ሌላ ቀን ምጣዱ አለ ብላ ቀረች፤ ከዚያ መቅረቷ ልማድ ሆነ። ጠያቂውም «ጎበዝ ልጅ፣ እናቷን የምትረዳ!» እያለ መረቃት። በዚያው ቤት የ15 ዓመት ወንድሟ አለ፤ እርሱ ግን ለምን ትምህርት ቤት ትሄዳለህ ተብሎ አልተጠየቀም፤ ለምን አታግዝም ተብሎም አልተጠየቀም። የብዙ ሰው ሸክም አንድ ሰው ላይ ሲወድቅ ያ አንድ ሰው ሴት፣ ያውም ዝም የምትል ሴት መሆኗ በአጋጣሚ ነውን? ምርቃት ርካሽ ነው፤ የልጅቱን ፈተና የሚፈተንላት ምርቃት የለም።

ያው የሕግ ተማሪ ወንድማችን በአዋጁ ውስጥ ሌላም ነገር አሳየን። ሠራተኛ የትዳር ጓደኛው ሲሞት ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። የትዳር ጓደኛው በጠና ሲታመምስ? ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ለሚያጋጥመው የተፈቀደው ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ እርሱም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሕጉንም እንደ እድራችን የሰፋው ያው ልብስ ሰፊ ነው ማለት ነው፤ ሁለቱም የተለኩት ለሞት ነው። ሞት ለሚገባበት ቤት ደንብ አለን፤ ለረጅም ሕመም ግን ያለን የየሰዉ ደግነት ብቻ ነው፤ ደግነት ደግሞ ይደክመዋል።

አሁን ወደ ዋናው የሕሊና ጥያቄ እንምጣ። አንድ ምሽት እትዬ አንሶላ እያጠፉ እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ ቢሞት ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ማንን ብዬ ላልቅስ?» ወዲያው ደንግጠው አማተቡ፤ «ምን አናገረኝ!» አሉ። ከዚያ ቤት ስንወጣ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ፣ ጋብቻ በደስታም በመከራም አብሮ ለመኖር የተሰጠ ቃል ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍ መውጣት የለበትም አለ። ሌላዋ፣ ይህን የሚናገረው ልባቸው አይደለም፤ ሌሊት ያልተኛ አካላቸው ነው አለች።

እኛ ከሁለተኛዋ ጋር እንስማማለን፤ ምክንያታችንንም እንናገራለን። መገላበጥ የማይችል ሰው የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለበት ይባላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቁጠሩት፤ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ9፣ በ11 ሰዓት፤ አምስት ጊዜ። ጋሼ ግዙፍ ሰው ናቸው፤ እትዬ ቀጭን። እንዲህ ሁለትና ሦስት ወር ያደረ ሰው ላይ የሚመጣውን መማረር የፍቅር ማነስ ነው ብሎ መፍረድ፣ ውሃ የተሸከመችን ሴት ለምን ታልቢያለሽ ብሎ እንደ መውቀስ ነው። ፍቅር ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ያለቀሰው ሁሉ ከእትዬ ይልቅ ጋሼን በወደደ ነበር። ፍቅራቸውን ያየነው በአምስተኛው መነሣት ላይ ነው፤ እያጉረመረሙም ቢሆን ተነሥተዋልና።

ደግሞስ የጋብቻው ቃል የሁለት ሰዎች ብቻ ነውን? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት የመከባበር፣ የመደጋገፍና የመረዳዳት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። መልካም። ሆኖም አንድ ሰው ሊፈጽመው የሚገባው ነገር ሊፈጽመው ከሚችለው ሊበልጥ አይችልም፤ ለሦስት ሰው ጉልበት የሚሆን ሥራ በአንዲት ሴት ላይ ግዴታ ነው ብንል ቃሉን አከበርነው አይባልም። ቃሉ ሲሰጥ ምስክር ነበረበት። ሚዜዎች ነበሩ፤ በባህላችን ሚዜ ከሰርጉ ቀን በኋላም ባለትዳሮቹ ሲጣሉ አስታራቂ፣ ሲቸገሩ ደራሽ ነው። ጠጅ የጠጣ፣ እስክስታ የወረደ፣ መልካም ጋብቻ ይሁንላችሁ ያለ ዘመድና ጎረቤት ነበር። ምስክርነት ለጮማው ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት የሚታሰበው መጻጉዕ 38 ዓመት አልጋ ላይ ነበር። ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ስለ እግሩ አልነበረም፤ ውሃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያስገባው ሰው እንደሌለው ነበር የተናገረው። ከሕመሙ ይልቅ የቆጠቆጠው የሰው ማጣት ነበር ማለት ነው። (ይህን ካነሣን ዘንድ፣ ጠበል መጠመቅና የግፊት ኪኒን መዋጥ አይጣሉም። ኪኒኑን ያቋረጠ ሰው ለሁለተኛ ስትሮክ በር ይከፍታል።)

በክርክራችን መካከል የመጣ አንድ ጠንካራ መቃወሚያ ነበር፤ ይኸውም ገመና ነው። እትዬ ራሳቸው ናቸው ያነሡት። «ባሌን ራቁቱን ሌላ ሰው እንዲያየው አልፈልግም፤ እርሱም አይፈልግም» አሉን። ትክክል ናቸው። በስተርጅና በሰው እጅ መታጠብ ለአንድ ኩሩ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ማሰብ አያዳግትም። ይሁን እንጂ ገመና የሚነካው ሥራ ከሁሉም ሥራ ጥቂቱ ነው። ፋርማሲ መሰለፍ፣ የመብራት ሂሳብ መክፈል፣ ውሃ በመጣ ሌሊት በርሜል መሙላት፣ ሽንኩርት ገዝቶ መምጣት፣ እናትየዋ ሁለት ሰዓት እንዲተኙ ከታማሚው አጠገብ ተቀምጦ ሬዲዮ ማዳመጥ፤ ከእነዚህ የትኛው ነው ገመና የሚገልጠው? ቤቱ «ምን እናግዛችሁ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ምንም አልጎደለብንም» ይላል፤ ጠያቂውም መልሱን ይዞ ይሄዳል። ይህ ጨዋነት ነው፤ ሁለቱንም ወገን ያኮራል፤ ሥራው ግን እዚያው ነው። ስለዚህ «ምን ላግዝ?» ከሚል ይልቅ «ኀሙስ ከሰዓት በኋላ መጥቼ ከጋሼ ጋር እቀመጣለሁ» የሚል ሰው ይሻላል፤ እምቢ ለማለትም ስለሚከብድ።

ስለ ታማሚው ስለ ራሳቸው እስካሁን ጥቂት ነው የተናገርነው፤ እርሳቸውም ቤት ውስጥ የሚደርስባቸው ይኸው ነው። ጠያቂ ይመጣና ጋሼን ተሻግሮ እትዬን ይጠይቃል፤ «እንዴት ነው፣ ይሰማል? ሰው ያውቃል?» ይላል። ጋሼ ይሰማሉ። ሰው ያውቃሉ። የጠፋባቸው ቃል ነው። ፖል ብሮካ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1861 እ.ኤ.አ. ለብዙ ዓመታት «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር ምንም መናገር ያልቻለ፣ የሚነገረውን ግን ይረዳ የነበረ አንድ ሰው አገኘ፤ ሰውዬው ሲሞት አንጎሉን መርምሮ ከፊት በግራ በኩል ያለው ክፍል ተጎድቶ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ከ160 ዓመት በላይ አልፏል፤ እኛ ግን ዛሬም መናገር ያልቻለውን ሰው ማሰብም የማይችል እናደርገዋለን።

ጋሼ «ውሃ» ማለት ተስኗቸው በእጃቸው ጽዋ ያሳያሉ፤ አባታችን ሆይ ሲደገም ግን ከሰው ጋር እስከ መጨረሻው ይዘልቁታል። ቁጥርም ከ1 እስከ 10 አብረው ይቆጥራሉ። በልማድ የተሠሩ ቃላት ብዙ ጊዜ እንዲህ ይተርፋሉ። ከጸሎቱ ቀጥሎ ጥርት ብሎ የሚወጣላቸው የሹፌር ስድብ ነው፤ አንድ ቀን የንስሐ አባታቸው ተቀምጠው ሳለ አውጥተውት እትዬን በኀፍረት መሬት ዋጪኝ አሰኝተዋቸዋል። ቄሱ ግን ሳቁ፤ ጋሼም ሳቁ፤ ከታመሙ ወዲህ በዚያ ቤት እንዲያ ያለ ሳቅ አልተሰማም ነበር።

ያለ ምክንያት የሚመስል ልቅሶም አለ፤ አንዳንድ ጊዜ አንጎሉ ከመጎዳቱ የተነሣ ልቅሶውና ሳቁ ከሰውዬው ትእዛዝ ይወጣል። ከዚህ ሌላ እውነተኛ የመንፈስ ጭንቀት አለ፤ ስትሮክ ከደረሰባቸው ሰዎች ከ3 አንዱን ያህል ይይዛል፤ ይህም የሚታከም ሕመም ነው። መብል እምቢ ማለትን፣ ልምምድ መጥላትን፣ ፊትን ወደ ግድግዳ ማዞርን ጠባይ ከፋ ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ጋሼ እጃቸውን ወደ ልጃቸው የደብተር ቦርሳ ጠቁመው፣ ቀጥሎ ወደ ራሳቸው ጠቁመው፣ ያለቀሱ ዕለት ግን ልቅሶው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሸክም መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው መሸከም ከሁሉ ይከብዳል፤ የሸክሙን ግማሽ ለመውሰድ ይሞክራልና፤ አንዳንዱ ባለመብላት፣ አንዳንዱ በዝምታ።

ታዲያ ምን ተደረገ? ትልቅ ነገር አልተደረገም። ከእትዬ ጋር ቡና የሚጠጡ አራት ሴቶች ቡናውን ወደዚያ ቤት አዛወሩት፤ እነርሱ ሲያፈሉ እትዬ ይጋግራሉ። ወንድ ልጁ አባቱን መላጨት፣ በሰነፈው ክንዳቸው ሳይጎትት ከወገብ ደግፎ ማስነሣት ተማረ፤ ለካ የጠየቀው ሰው አልነበረም እንጂ እምቢተኛ አልነበረም። እኛም በተራ ከጋሼ ጋር የምንለማመድበትን ቀን ደለደልን። ልጅቱ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ ያመለጣት ግን አመለጣት፤ 12ኛ ክፍልን በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተማረች። ያ አንድ ዓመት የማን ዕዳ እንደሆነ አሁንም እንጠይቃለን።

ከዚያም ነገሩን ወደ እድሩ ጉባኤ ይዘን ሄድን። ያቀረብነው ሐሳብ አዲስ አልነበረም። በ1990ዎቹ ኤድስ ብዙ ቤት ባንኳኳበት ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው በሕይወት ያሉ ታማሚዎችን በየቤታቸው መርዳት ጀምረው ነበር። ደንብ በሰው የተጻፈ ነው፤ በሰው ይሻሻላል። እኛ የጠየቅነው ገንዘብም አይደለም፤ ቀብር ሲሆን አባላት በተራ እንደሚወጡ ሁሉ ረጅም ሕመም ለገባበት ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ብቻ፣ ከአንድ ቤት አንድ ሰው በተራ እንዲመጣ ነው።

አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «እናንተ ልጆች፣ የተናገራችሁት መልካም ነው። ነገር ግን ሞት ሦስት ቀን ነው፤ ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ያልቃል። ይህ መቼ ነው የሚያልቀው? ማለቂያውን ለማላውቀው ነገር እንዴት ብዬ ልፈርም?» አሉ። ጥያቄው የክፋት አልነበረም፤ እውነተኛው ፍርሃት ይኸው ነው፤ ሰው ሁሉ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ እግሩ የሚያጥረው በዚሁ ፍርሃት ይመስለናል።

የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጠው መቁጠር ጀመሩ። አባሉ 120 ቤት ነው። በሳምንት 2 ቤት ተራ ከወጣ ለአንድ ቤት ተራው የሚደርሰው በ60 ሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ ከዓመት በላይ ማለት ነው። በእድሩ ውስጥ እንዲህ ያሉ ታማሚዎች 5 ቢሆኑ እንኳ ተራው የሚመለሰው በ12 ሳምንት፣ ለሁለት ሰዓት ነው። ሽማግሌው ቁጥሩ እንዲደገምላቸው ጠየቁ፤ ተደገመላቸው። «ይኸው ነው እንዴ?» አሉ። ለ6 ወር ይሞከርና እንደገና ይታይ ተባለ፤ በደንቡ ውስጥ ይግባ አይግባ የሚለው ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላለፈ። ከኋላ ወንበር አንድ ፀጉር አስተካካይ እጁን አውጥቶ፣ የመጀመሪያውን ኀሙስ እኔ እወስዳለሁ፣ ልጁ የሚላጭበት ምላጭ ደነዝ ነው፣ የጋሼን አገጭ አይቼዋለሁ አለ።